ያልገዛሁት ቤት

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሐዋሳ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
በአንዲት ሲንጀር የማድር፣ በኪራይ በር የምገባ።
አሥራ አንድ ዓመት ዕቁብ ስጥል፣ ስፈታ፣ ስቋጥር፣
ለአንድ ቤት ነበረ፤ ለደጅ፣ ለጓሮ፣ ለአጥር።

ደላላው ምንተስኖት በባጃጅ ጫነኝና
አቶቴ ላይ አሳየኝ ሁለት ክፍል ደኅና፤
ጓሮው ላይ ፓፓያ፣ ሦስት ፍሬ ያዘለ።
"ካርታው ንጹሕ ነው፤ ዕዳ የለ፣ ክስ የለ፤
ቀብድ ጣል ዛሬውኑ፣ ሰው ሳይቀድም" አለኝ፤
"ጠበቃ ላማክር ወይ?" ስለው ሳቀብኝ።
"ማን ከማን ተጣላ?
ለአንድ ገጽ ወረቀት ብርህን ሰው ይብላ?"

ምን እደብቃለሁ፤ እኔም ሰስቻለሁ፦
ስምንት ሺህ ለመክፈል ስንት ሱሪ አሳጥራለሁ?

ግን ጠበቃ አስካለ መጣች፣ ጥቁር ካባዋን ይዛ፣
ብብቱ ተተርትሮ፣ ክርክር ስታበዛ።
ውሉን አየችው፣ ከመቀሴ በታች፤
"ይሄን ማን ጻፈው?" አለች። መነጽር አወጣች።

እኔ ኮት ሲመጣልኝ ቀድሜ እገለብጠዋለሁ፤
ላዩ ለገበያ ነው፣ እውነቱ ገበሩ፤
እሷም እንዲሁ ዳሰሰችው፣ ከዳር እስከ ዳሩ።

"ካርታው ይጣራል" አለች፤ "ዕዳ፣ እገዳ ካለ።
ይሄ 'ያላገባ' ደግሞ፣ ከቀበሌ የታደለ።
ታዲያ የውሃው ቢል በማን ስም ነው ያለው?
ዘርፌ ዱባለ ማናት?"
"እህቱ ናት" አልኳት፣ ደላላው እንዳለው።
"እሱ ሀንካሞ ላሚሶ። አባት ለየብቻ?"
"በእናት ይሆናላ።"
"እንጠይቃት እንግዲያ፤ ባጃጅ ጥራ ብቻ።"

በሐይቁ በኩል ዞርን፤ ነፋሱ ዓሣ ዓሣ ይላል፤
ልቤ ግን መጋረጃ ይመርጣል፣ ምንጣፍ ያነጥፋል።
ቆርቆሮው ላይ ሁለት አባ ኮዳ ቆመዋል፣
እንዳልተጠየቀ ምስክር ዝም ብለዋል።
በሩን የከፈተችው እጇ አረፋ ነው።
"ቤቱ ሊሸጥ መሆኑን ያውቃሉ?" አለቻት አስካለ፣ ቀስ ብላ።
"የማን ቤት?"

ከዚህ ወዲያ ግጥሜ ቤት አልመታ አለኝ።

ሴትዮዋ ጠበቃዋን አላየችም፤ እኔን ነው ያየችው፣
ከአንገቴ ማውረድ የረሳሁትን ሜትር።
"ሊለኩ ነው የመጡት?" አለችኝ።

ከዚያ ስትናገር ድምጿን አላነሳችም፦
ብሎኬቱ የተገዛው በበቆሎ እሸት ሽያጭ፣
ጣሪያው በዕድር ብድር፣ ልስኑ ገና ያላለቀ።
"ያላገባ" የሚለውን ወረቀት ስታነብ ግን
የራሷን ስም የምትፈልግ ይመስል ገለበጠችው።
ጀርባው ባዶ ነበር።

ክር ሲተበተብብኝ ውሉን ነው የምፈልገው፤
ያን ቀን ውሉ በእጄ ነበር፣ ፊርማ ብቻ የቀረው፤
የጠፋችው እሷ ነበረች፣
እዚያው ቤቷ በር ላይ ቆማ።

ምንተስኖት በስልክ ሰደበኝ።
ሀንካሞ መንገድ ላይ ሲያየኝ ማዶ ይሻገራል።
ስምንቱን ሺህ ከፈልኩ፤
ለብብቱ መቶ ሃምሳ ቀንሳልኝ።
ላልገዛሁት ቤት!
ሌሊት ሌሊት ሒሳቡ ይመጣብኛል፤
አንዳንዴ የከሰርኩ፣ አንዳንዴ ደግሞ
አንድ ነገር በርካሽ የገዛሁ ይመስለኛል፤ ምን እንደሆነ እንጃ።

ጥቅምት ላይ ዘርፌ መጣች፣ የመጋረጃ ጨርቅ ይዛ።
"ቁመቱ ስንት ይሁን?"
"አልለኩትም እንዴ ያን ቀን?"
አልሳቀችም። እኔም።
ሄጄ ለካሁ። መስኮቱ ወደ ታቦር ያያል፤
ፓፓያው አንድ ፍሬ ቀርቶታል።
ሰፋሁላት፤ ከፈለች፣ ቆጥራ።
በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰች፦
"ደረሰኝ ይጻፉልኝ" አለች፤
"በሙሉ ስሜ፣ እስከ አያቴ።"