ባለቤት ያጣ ግሥ

ሀርቡ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ሙቀት ሲበረታ፣
መሬማ እንድሪስ ገቡ በዝግታ።
ወንበሩን ትተው ከደፉ ተቀምጠው፣
የጨርቅ ቋጠሮ በጥርሳቸው ፈትተው፣
ካርኒ፣ ጉርድ ፎቶ፣ አንድ የስልክ ቁጥር
ደረደሩልኝ ከማኅተሙ ሥር።
«ምን ላግዝ እናቴ?»
«ወረቀት ስጠኛ፤
የይማምን አሟሟት እንዲያውቀው ዳኛ።»

ቅጹን አወጣሁት። ተራ ቁጥር፣ ስም፣
የአባት፣ የአያት፤ ይህ አያስቸግርም።
«የሞተበት ስፍራ፣ ወረዳ፣ ከተማ»፤
ተራራ ነው አሉ፣ ስሙም አልተሰማ።
«ያከመው ሆስፒታል»፤ ሠረዝ አሰመርኩ።
«የሞት ምክንያት» ስደርስ ብዕሬን አቆምኩ።

ሦስት ሣጥን አለ፦ ሕመም። አደጋ። ሌላ።
ከ«ሌላ» ጎን አንዲት ባዶ መስመር፣
ለአንድ ቃል የምትበቃ።

«ሸጋው ይንገርህ» አሉ። ሸጋው ከደጅ ቆሟል፣
የግራ ሱሪውን አጥፎ በመርፌ ቁልፍ ይዟል።
ከኦቦክ በጀልባ፣ ከጀልባ በጭነት፣
ከዚያ በኋላ በእግር፣ የአሥራ አንድ ሌሊት፣
ሁሉን ነገረኝ እንደ ገበያ ዋጋ፤
እዚህ ላይ ግን ቆመ፦ «እና… ልክ ሲነጋ፣

እጃችንን አንስተን ነበር። ሁላችንም።
ይማም ነጭ ፎጣ ነበረው፣ እሱን አውለበለበ።
ሰውየው አየን። አየን እኮ። በመነጽር።
ከዚያ ተኮሰ።
ወርደው ሲመጡ እኔን «የትኛው እግርህ?» አሉኝ።
ግራ አልኩ። ኳስ የምመታው በቀኝ ነው።»

ሁለቱንም ስምንተኛ ክፍል አማርኛ አስተምሬያቸዋለሁ፣
ከዚህ ወንበር በፊት።
«ግሥ ያለ ባለቤት አይቆምም» እላቸው ነበር፣
ጣቴ በጠመኔ ነጥቶ።

«ሞተ» ብዬ ብጽፍ ባለቤቱ ማነው?
ይማም ነው። ሞቱንም እሱው ነው የሠራው።
«ተገደለ» ብልም ገዳይ ተሰወረ፤
«ሕይወቱ አለፈ»፣ እንደ ዜናው፣ አማረ፤
አማረ፣ ግን ወዴት? ድንበሩን ሳያልፍ፣
ያልፍልኛል ያለ፣ ሕይወቱ እንዴት ይለፍ?

«ገደሉት» ይቀራል። አራት ፊደል ብቻ።
ግን እነማን ናቸው «ሉ» ውስጥ የታጨቁት?
ያነጣጠረው አለ፤ ያዘዘውም አለ፣
«ትእዛዝ የለም» ብሎ በማግሥቱ የማለ።
የአጥሩን ሒሳብ ከሩቅ የከፈለም አለ፣
ደም ያልነካው እጁን ታጥቦ የበላ።
ደላላው አለበት፣ ባቲ ቤት የሠራ፣
የመሬማን በሬ አሽጦ፣ በስልክ እያስፈራራ፤
«እናጣራለን» ብሎ፣ ዓመት ያላጣራ።

ቆጥሬ ስጨርስ የመታወቂያውን መዝገብ ገለጥኩ፣
የሁለት ዓመት በፊቱን።
ይማም አደም። ዕድሜ፦ ሃያ።
የእጅ ጽሕፈቱ የኔ ነው።
አሥራ ስድስት ነበር። አውቅ ነበር፤
የክፍል መዝገቡም ላይ የጻፍኩት እኔው ነኝ።
«አንድ ፊርማ ናት ጋሼ፣ ያልፍልኛል» አለኝ፣
መቶ ብር ከመዝገቡ ሥር ወሽቆ ወጣ።
መለስኩለት ብል ደስ ባለኝ።

መሬማ ገጹን አላዩም።
ወይም አይተው ዝም ብለዋል።
«ጻፍ እንጂ ልጄ። አብሽር። እጅህ ምን ሆነ?»

ከ«ሌላ» ጎን «ገደሉት» ብዬ ጻፍኩ፣
ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።
ከታች «የመዝጋቢው ስም» ይላል፤
ሁልጊዜ በጥድፊያ የምሞነጭርባት መስመር።
ዛሬ እስከ አያቴ፣ ልጅ እንኳ በሚያነበው ፊደል፦
አራጋው ይመር ጓንጉል።
ከ«ሉ» ውስጥ የወጣ አንድ ሰው።
የቀሩት ይሰፍሩበት ዘንድ ጀርባውን ባዶ ተውኩት።

ማኅተሙን አሳረፍኩና
«ስንት ኮፒ ላንሳ እናቴ?» አልኳቸው።

ቋጠሯቸውን እያሰሩ ቀና አሉ።
«ስንት ናቸው?»