ታቦት የሌለው ዑደት

በየካቲት ማለቂያ፣ ፀሐይ ሙቀት ስትለማመድ፣
ቤልሚሮ ከውሻው ጋር ወጣ በአሌንቴዦ መንገድ።
ከጥዱ ቅርንጫፍ ጫፍ ነጭ ከረጢት ተንጠልጥሏል፤
ላላወቀው ሰው፣ ፈታይ የረሳችው ጥጥ ይመስላል።

ከዚያ ነው የሚወርዱት፣
አንዱ ያንዱን ጭራ ይዞ፣
አርባ ሃምሳው ባንድ ገመድ፣ አፈር ፍለጋ ተጉዞ።

አባጨጓሬ አልነው፤ «አባ» ብለን አከበርን፣
ጠጉሩ ስንት መርፌ እንደሆነ ማን ቆጠረልን?
ታቦት የለው፣ ቃጭል የለው፣ ዝም ያለ ዑደት፣
እልል ባይ የለው ከኋላ፣ የሚሸሽ እንጂ ከፊት።

ፋይስካ ግን ውሻ ናት፤ ዓለምን የምታውቅ በአፍንጫ፣
አሸተተች፣ ላሰች፤
አልነበራት ሌላ ምርጫ።
አረፋ ደፈቀ አፏ፣ ጥፍሯ ፊቷን ቧጠጠ፣
ምላሷ ከጥርሷ አልፎ እንደ ቦካ ሊጥ አበጠ።

ቤልሚሮ ተንበረከከ፤ በባዶ እጁ አፏን ጠረገ፣
በዚያው እጅ ደግሞ ዓይኑን፤
እንባውን ሊደብቅ ፈለገ።

ሐኪሟ ዱልሴ በስልክ፦ «ውሃ አፍስስ፣ እንዳታሽ!
ጠጉሩ ሲሰበር ነው መርዙ ሥጋ ውስጥ የሚሸሽ።
አምጣት፣ አሁኑኑ!»

የምላሷ ሲሶ ጠቁሮ ተቆረጠ። የሱም ዓይን ሳምንት ታሰረ።

ዛሬ ውሃ ስትጠጣ ግማሹ ወለል ላይ ይፈስሳል፣
እሱም ቃል ሳይወጣው፣ ጎንበስ ብሎ በጨርቅ ያብሳል።
የትምህርት ቤት ልጆች ግን በጥዶቹ ሥር ሲያልፉ፣
ዱላውን አግድም ዘርግቶ፦ «ቁሙ! ሰልፉ እስኪያልፍ እረፉ።»

አንዷ ጠየቀች፦ «ወዴት ናቸው?»
«ከአፈር ሥር፤ ክንፍ ሊያበቅሉ» አለ።
ዓይኑን ሊያሽ እጁን አነሳ፤
ተወው።