አምስተኛዋ ነጥብ

ሰባተኛው ትምህርት፤ ገጽ አርባ ሦስት፤
«ሥዕሉን ተመልከት። ድመቷ የት ናት?»
ይላል ፈረንሳይኛው፣ ዘና ኮራ ብሎ፣
ሰው የተባለ ሁሉ የሚያይ አስመስሎ።

እኔ ታርቱ ነኝ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
በኅዳር ጨለማ፣ ከቀዘቀዘ ሻይ
ጋራ ተፋጥጬ። አንተ ማዶ፣ ከደሴት፣
ነፋስ በሚዳብሳት ሳሬማ፣ ከእናትህ ቤት፣
ሌባ ጣቶችህን አሙቀህ ትጠብቃለህ።
ታቬት፣ ምን ልበልህ?

«ወንበሩ ሥር ናት» ብዬ ብጽፍልህ
መልሱን ሰጠሁህ፤ ጥያቄው ምን ቀረልህ?
በኢስቶንኛችን ባብራራልህ ደግሞ
ሥዕሉ ትርጉም ሆነ፣ ባፍ መፍቻህ ታትሞ።

አለቃዬ ኡርቬ፣ ሠላሳ ዓመት የሠራች፣
መነጽሯን አውልቃ፣ «ተያት» አለች፤
«‹ሥዕል ቀርቷል› በዪ፣ በቅንፍ፣ እለፊ፤
ማተሚያው ተራ አለው፣ እስከ ዓርብ ጻፊ።»

ሥዕል ቀርቷል። ሁለት ቃል ነው። ስንቱን ዘጋንበት!
መደርደሪያው ጋ ሄድኩ፣ የድሮው ካለበት፤
ባቡር ጣቢያው ቀርቷል። የዓሣ ገበያው ቀርቷል።
የአያትየው ልደት ከነኬኩ ቀርቷል።
ፈረንሳይ ከነሕዝቧ፣ ከነጃንጥላዋ፣
ቅንፍ ውስጥ ተቆልፋ፣ ጠፍቶ መክፈቻዋ።

ያን ማታ ከሱቅ ካርቶን ለምኜ
ዕቃ ሰበሰብኩ፣ እንደ ልጅ ሆኜ፤
አንድ ሎሚ፣ ማንኪያ፣ የቆርቆሮ መክፈቻ፣
ጆሮዋ የታኘከ የድመት መጫወቻ፣
አንድ እግሩ የላላ የአሻንጉሊት ወንበር።
ከዚያ ቁጭ አልኩና፣ ነጥብ በነጥብ፣ በብረት
ወረቀቱን ወጋሁ፦ «ሣጥኑን ክፈት።
ድመቷ የት ናት?»

ኡርቬ ካርቶኑን አየች። ምንም አላለች።
ከካፖርቷ ኪስ አንድ አዝራር አውጥታ ጨመረች።

በጥር መልስህ መጣ፣ በወፍራም ወረቀት።
ሰላምታ የለበት፣ ምስጋና የለበት።
«ገጽ አርባ ስድስት፣ ከላይ መስመር አራት፣
‹በጋ› የሚለው ቃል ስሕተት አለበት።
በፈረንሳይኛ ‹በጋ› ሁለት ‹ኤ› አለው፣
ስድስቱም ነጥቦች ሞልተው የሚቆሙለት ‹ኤ› ነው።
የኋለኛው ደኅና። የፊተኛው ግን
አምስተኛዋ ነጥብ የለችም፤ ፊደሉ ሌላ ሆኗል።
በጋው በዚህ ዓይነት አይመጣም።»

ያን ገጽ ሦስት ጊዜ አይቼው ነበር፣
በመብራት፣ በአጉሊ መነጽር፤
ዐይኔ አልፎታል።
አሁን መብራት አጥፍቼ ጣቴን አሳረፍኩ፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣
ቀጥሎ ልሙጥ ወረቀት።
ተማሪ ብሆን ነጥብ ጎደለኝ፤
አስተማሪ ነኝና ነጥቡ የጎደለው በጋ ሆነ፣
ያውም እንደኛ ባለ አገር፣ በጋ በስንት ምልጃ በሚመጣበት።

ማረሚያውን ወግቼ ደብዳቤህን ላጥፍ ስል
ከግርጌው ሌላ መስመር ጣቴ ሥር ተገኘ፤
በፈረንሳይኛ፣ አንዲት ነጥብ ሳትጎድል፦
«ድመቷ ሣጥኑ ውስጥ የለችም።
ኪሴ ውስጥ ናት።»