ያልተነበበው መስመር

ብርቄ ነጭ ጓንት አጥልቃ ፖስታዎቹን ዘረጋች፣
«ላኪው ማን ነው? ተቀባይስ?» ብላ እርሳስ አነሳች።
በተማረችበት ጀርመን የወታደር ደብዳቤ
ቁጥር ለብሶ ይተኛል አለች፤ ሰማኋትና ፈራ ልቤ።

ላኪው ስማቸው ይርዳው፤ ከናቅፋ፣ ሰባ ሰባት።
ተቀባይዋ እናቱ ውባለም፤ ሽምብጥ፣ ከሐይቁ ጥጋት።
ሽታው አይግረምሽ ልጄ፤ ቆሮሶ ስትሸጥ ውላ
በዚያው እጇ ነው የምትይዘው፣ ዘርግታ፣ መልሳ ጠቅልላ።

ፊደል አልቆጠረችም፤ እኔ ነበርኩ ዓይኗ፤
ጥጡ ከጸጉሬ ሳይራገፍ፣ ከፋብሪካ መልስ ቁጭ እል ነበር ከጎኗ።
«ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ»፤
እዚህ ድረስ ቃል አላጎደልኩም። እግዜር ምስክር ይሁነኝ።

አሥራ አንደኛው ላይ ይቺን የእርሳስ ነጥብ አየሻት? እዚች ጋ ነው የዘለልኩት፦
«ገብረየስ ጎኔ ወደቀ። ጫማው ልኬ ነው፤ አጠለቅሁት።»
እኔ ግን «አዲስ ጫማ ታደለን፤ ይሞቃል» ብዬ አነበብኩ።
«እሰይ! ከልጅነቱ እግሩን ይበርደዋል» አለች። አንገቴን ሰበርኩ።

ከዚያ ወዲያ በየማታው «እስቲ የጫማውን ድገምልኝ» ነው።
እስክትሞት ደገምኩላት፤
ሌላ ደብዳቤ አልመጣማ። ልጇም።

እንግዲህ ብርቄ፣ ሁለት ነው ያለው፤ አንዱ ስማቸው የጻፈው፣
አንዱ እሷ የሰማችው። የሁለተኛው ቁጥሩ ስንት ነው?

ዝም አለች። በመስኮቱ የዘጌ ታንኳ እንጨት ጭኖ አለፈ።
ጓንቷን አወለቀች።
ባዶ አቃፊ አውጥታ
«አሥራ አንድ፣ ሀ» ብላ ጻፈችበት፤
ምንም ሳታስገባ
ከአሥራ አንድ ጎን አቆመችው።