ሰርዶ

ሻፊቅ ፈቃድ ወጥቶ ላገሩ ሲሳፈር፣
ቁልፍና ጎማውን ጥሎብኝ ነበር፤
«የካቲት ነው እህቴ፣ ሣሩን ላጪው» ብሎ፣
በአረብኛ ስባሪ፣ በጣቱ አስመስሎ።

ሶሐር ገና ሳይነጋ፣ አዛን ሳይሰማ፣
ከግቢው ጫፍ ቆሜ፣ ይዤ የውሃ ጎማ፣
ጎንበስ ብዬ ባየው
ሰርዶ!
አባቴ ከማሳው ነቅሎት የማያልቅ፣
ድንጋይ ላይ የሚያሰጣው፣ ሥሩ እስኪደርቅ፣
ዝናብ ሲመጣ ደግሞ እንዳዲስ የሚስቅ፣
ያ ሰርዶ።

እዚህ ግን ሙሽራ ነው።
ሚዶው የብረት ጥርስ፣ ምላጩ ባለ ሞተር፣
ከቢጫ ጠጉሩ ሥር አዲስ እንዲፈጠር፤
በሹካ ወጋሁት፣ ምድሩ እንዲተነፍስ፣
የፍየል በጠጥ በተንኩ፣ አሸዋ እስኪለብስ።
የጎማውን ዓይኖች ጨው ደፍኗቸው ነበር፤
በመርፌ ከፈትኳቸው፣ አንድ በአንድ፣ እየቆጠርኩ፣
መቶ አርባ ሦስት።

ጉድጓዱማ ከሸፈ።
ባሕሩ በሥር በሥር እየገባ ነው ይላሉ፤
ለሰርዶ የሚጠጣው በቦቴ ይመጣል፣ በገንዘብ።
ለተምሩ ሰርግ ደግሞ ሌላ ሰው ይመጣል፤
የወንዱን አበባ ሴቲቱ ጉያ ውስጥ በክር ያስራል።
ያ የኔ ሥራ አይደለም።

ዓርብ ለአባቴ ደወልኩ።
«ሥራ እንዴት ነው ልጄ?»
«ሰርዶ እያጠጣሁ ነው።»
ዝም አለ። መስመሩ የተቆረጠ መሰለኝ።
ከዚያ ሳቁ መጣ፣ ሳል የቀላቀለ፤
«በደመወዝ?» አለ።
«በደመወዝ።»
«እንግዲያ የኛን ማሳ አረብ ይግዛው» አለ።

ማታ ማታ ኡም ሰይፍ በምርኩዝ ትወጣለች፣
ነጠላ ጫማዋን ደፍ ላይ ታወልቃለች፤
ሁለት እርምጃ። ሦስት።
ያበጡ እግሮቿን አረንጓዴው ውስጥ ነክራ
«ባሪድ» ትላለች፣ ቀዝቃዛ፣
ለኔ ይሁን ለሣሩ አላውቅም።

ሚያዝያ ላይ ውሌ ያልቃል፤
ሰኔ ሲገባ ደግሞ አየሩ እሳት ነው።
«እኔ ከሞትኩ ወዲያ ሰርዶ አይብቀል» ብላ
አህያ ተናዛለች አሉ፣ ከንፈሯን ጥላ።
እኔ አልልም።
ይብቀል፤ አሮጊቷ እግሯን ታብርድበት።
ሻፊቅ ሲመለስ የምነግርበት ፊደል የለንም፤
ብቻ መርፌዋን ከጎማው አንገት ላይ ሰክቼ
እተውለታለሁ፣
ዝገት እንዳይበላት በዘይት ቀብቼ።