ድልድል

ሰኔ ሠላሳ ነው። ሰንጋ ተራ፣ አራተኛ ፎቅ፣
ሊፍቱ ከፋሲካ ወዲህ የማይሠራ፣ የማይጠየቅ።
መብራት ሄዷል፤ ከታች ጄኔሬተሩ ያጓራል፣
ናፍጣው በሊትር፣ ሊትሩ በብር፣ ብሩ በኔ ይቆጠራል።

የቢሮ ኪራይ አለ፤ የጥበቃው የጋሽ ሹምዬ ደመወዝ፣
የሥራ አስኪያጁ መኪና ጎማ፣ በዓመት ሁለቴ የሚታዘዝ፣
የስልክ፣ የውሃ፣ የማኅተም ቀለም፣ የኔም ወር ሙሉ፣
«የማንም» ተብለው አንድ ቋት ውስጥ ያደሩ ሁሉ፦
አንድ ሚሊዮን ስምንት መቶ አርባ ሺህ ብር።

ቤት የላቸውምና ቤት ልፈልግላቸው፣
ባለ አካፋው ሰዓት ላይ ላከፋፍላቸው፤
አርባ ስድስት ሺህ ሰዓት፣ አሸዋና ብረት፣
ሲካፈል
አርባ ብር ለአንዲት ሰዓት።

ሕጉ ይሄ ነው፤ የሠራ ይሸከማል።
ልደታ ያለው ሕንፃ ሲሚንቶ አጥቶ ሁለት ወር ቆሟል፤
የቆመ ሰዓት የለው፣ ሰዓት የሌለው ዕዳ የለው፣
ድርሻውን ካዛንቺስ ያለው በባሬላ ተቀበለው።

እዚያ፣ ካዛንቺስ፣ ሰባተኛ ወለል ላይ
ትርፌ የምትባል አለች። ስሟን ፔሮል ላይ ሳይ
ሁሌ ፈገግ እላለሁ፤ ትርፌ፣ ከወጪው ዓምድ፣
በጣት አሻራ ፈርማ፣ መስመር መቶ ሃያ አንድ።
ለሰዓቷ ሃምሳ ብር ታገኛለች፤
እኔ አርባ እጭንበታለሁ፣ በወረቀት ዘጠና ታወጣለች።

ዛሬ ከሰዓት መጣች፣ በእግሯ፣ በዝናብ፣
በፌስታል የጠቀለለችው የቀን መቁጠሪያ ቅዳጅ ይዛ።
«ሦስት ቀኔ ቀርቷል፤ ፎርማኑ አልጻፈልኝም» አለች።
«ተቀመጪ» ስላት ወንበሩን አየች፣ ጫማዋን አየች።
ጭቃ ነው።

ያ ወንበር እኮ በየዓመቱ ያረጃል በደብተሬ፣
እርጅናው በሷ ሰዓት ላይ ተጭኖ እስከ ዛሬ፤
እርጅናውን የከፈለችለትን ወንበር ፈርታ
ቆመች፣ ግድግዳውን ተጠግታ።

ሥራ አስኪያጁ ከውስጥ «ዝጋው!» ይላል፣ «ዝጋው በቃ!»
ፎርማኑ ጋ ደወልኩ። አያነሳም። ደግሜ።
«አዎ፣ እውነቷን ነው፣ ረስቼው ነው» አለ።
ጻፍኩ፤ ሃያ አራት ሰዓት።

አንዱ ቁጥር ሲነካ ሁሉም ይነካል፤
ቋቱ ያው ነው፣ ተሸካሚው ግን በዝቷል፤
ቁልፉን ስጫነው ያ አርባ ብር ወረደ፣
ከሁሉም ሰዓት ላይ ሁለት ሳንቲም ሄደ።

ከግንበኛው፣ ከብረት አሳሪው፣
ስሟን ሰምተው ከማያውቁ ሰዎች ጫንቃ።
ሁለት ሳንቲም! ሊስትሮ እንኳ አይቀበለው፣
ወድቆ ቢገኝ ማንም ጎንበስ አይልለው፤
እኔ ግን ዝም ብዬ አየሁት።

«አለቀ?» አለች። አለቀ።
ደረጃው አፍ ላይ ዞር ብላ፣ «የናንተስ ደመወዝ
ከየት ነው የሚመጣው?» አለችኝ።
«ካንቺ» ሊል የነበረ አፌ
«ከድርጅቱ» አለ።

ማታ ናፍጣው አለቀ። ደረጃውን በጨለማ ቆጥሬ ወረድኩ፤
ሰማንያ ስምንት።
ጋሽ ሹምዬ ባትሪውን ፊቴ ላይ አብርቶ፣ «ገና ነህ እንዴ?»
ከአስራ አንድ እስከ ሦስት፣ አራት ሰዓት።
ሜክሲኮ ድረስ፣ የታክሲው ሰልፍ ውስጥም፣
የምጽፍበት መስመር አጣሁለት።