ቀሪ ሃምሳ ሳንቲም

መሐል ሜዳ፣ ከወፍጮው ማዶ፣ ካውቶብስ ተራው በላይ፣
አንዲት ጠባብ ክፍል አለችኝ፣ ባሕር ተሥሎባት ግድግዳዋ ላይ።
ባሕሩን የሣለው ሰው ባሕር አይቶ አያውቅም፤
ማዕበሉን የቀዳው ነፋስ ካጎነበሰው ገብስ ነው፣ ከውሃ አይደለም።

ያባቴ ውርስ ነው ሁሉም፤ ባሕሩ፣ ባለሦስት እግሩ ካሜራ፣
በሲባጎ የታሰረች ማበጠሪያ፣ እንዳትጠፋ አደራ፣
አንድ ጥቁር ኮት ለመንዝ ወንድ ሁሉ፤
ለወፍራሙ ሳይቆለፍ፣ ለቀጭኑ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ የሚጠበብ፤
ጀርባ በፎቶ አይነበብ።

ያኔ ፎቶ ቀጠሮ ነበር፤ ሰው ጸጉሩን ተስተካክሎ፣ በግ ሸጦ፣
ባናውን በር ላይ አስቀምጦ፣
"አትተንፍስ" ሲባል ታቦት ፊት እንደቆመ ደንግጦ፣
አንዴ ብቻ በዕድሜው ፊቱን ሙሉውን ሰጥቶ፣
ከዚያ ይሄዳል። ሁለት ሳምንት ይጠብቃል።
ፊቱ እኛ ዘንድ፣ ጨለማ ክፍል ያድራል።

አሁን የሚመጣው ለጉርድ ብቻ፤ አራት ፍሬ፣ ጆሮ ይታይ፤
ሌላውን ሁሉ ስልክ ወስዶታል፤ ክርስትናውን፣ ምርቃቱን፣ ዝናብ ያዘለውን ሰማይ።
እጅ ታጥቦ፣ ወጡ ቀርቦ፣ ይጠበቃል፤
"ቆይ፣ አትቁረሱ" ይባላል፤
ከአባት ቀድሞ ማዕዱን ስልክ ይባርካል።
አልቀየምም። እኔም አንዳንዴ በር ላይ ቆሜ ራሴን አነሣለሁ፤
አሥራ አንዱን አጥፍቼ አንዷን አስቀራለሁ፤
ማታ እሷንም እሰርዛለሁ።

ባለፈው ሐሙስ፣ ጉም ከተማዋን ሳይለቅ፣ አሰገደች ሸዋንግዛው መጣች፤
ሻሿ ጥቁር፤ ልጇን አስከትላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።
"አባዬ አረፈ። ለአርባው ትልቅ ፎቶ አውጣልኝ፣ ባለፍሬም፤
ስልኩ ሙሉ ነው፤ አንድ አይጠፋም።"

አራት ሺህ ፎቶ። ልጁ ባውራ ጣቱ ገፋ፣ ገፋ፣ ገፋ፤
ሽማግሌው ሁሉም ጋ አሉ፤ ፊታቸው ግን ሁሉም ጋ ጠፋ።
እዚህ ክርናቸው፤ እዚያ ባርኔጣቸው ከሙሽራዋ ትከሻ ኋላ፤
እዚህ ብርጭቆ የጨበጠ እጅ፣ ባለቤቱ በሰው ራስ ተከልሎ ሲበላ፤
እዚህ ደግሞ ስልኩን የያዙት እሳቸው፤
"ሁላችሁም ግቡ" ብለው፣ የገባው ጥላቸው።
አንዱ ቪዲዮ ላይ ድምፃቸው አለ፤ "ይሄ ነገር በራ እንዴ?" ይላሉ፤
ጣታቸው ይሸፍነዋል፤ ቀይ ጨለማ ውስጥ ሲስቁ ይሰማሉ።

"እንዴት ነው አንድ ቀን፣ አባዬ ወደዚህ ዞር በል ያላልነው?"
ለኔ አልነበረም ጥያቄው።

አባቴ ሰው ሳይወስደው የቀረውን አይጥልም ነበር፤ በብስኩት ቆርቆሮ፣
በፊደል ተራ፣ በየፖስታው ቋጥሮ፣
"ፊት የሰጠህን ሰው" ይለኝ ነበር "በቀሪ ሒሳብ አትጣለው።"
እኔ ግን ስንቴ ላቃጥለው አስቤ ስንፍናዬ ነው ያተረፈው።
"ሸ" ከሚለው ውስጥ ወጣ፤ ነሐሴ ስልሳ ስምንት፤ ባባቴ እርሳስ ጀርባው ላይ የሰፈረ፦
"ሸዋንግዛው ደጀኔ። ቀብድ አንድ ብር። ቀሪ ሃምሳ ሳንቲም። ሳይመጣ ቀረ።"

ሃያ ያልሞላው ልጅ፣ ከባሕሩ ፊት፣ በኛ ኮት፤
እጅጌው ረዝሞ ጣቶቹን የዋጠበት፤
ዓይኑ ግን አይሸሽም፤ ቀጥ ብሎ ያያል፤
ከካሜራው ጀርባ የሚመጣ ሰው የሚጠብቅ ይመስላል።

አሰገደች አላለቀሰችም። ጣቷን አገጩ ላይ አኖረች፤
"የኔ አገጭ ነው" አለች።
ልጇ ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን ፎቶ አነሣው፤
ለዘመድ ሁሉ ላከው።
ከደብረ ብርሃን፣ ከአዋሳ "ማነው ይሄ ቆንጆ?" የሚል ጎረፈ፤
ስማቸውን ሲጽፍላቸው ጣቱ ተንቀጥቅጦ አንድ ፊደል ገደፈ።

"ሒሳብ ስንት ነው?" አለችኝ በመጨረሻ።
"የቀረባቸው ሃምሳ ሳንቲም ናት" አልኳት።
ቦርሳዋን ገለበጠች። ሃምሳ ሳንቲም ዛሬ ከየት ይመጣል?
አንድ ብር ሰጠችኝ፤ መልስ አልነበረኝም።
እነሱ ሲወጡ ጉሙ በበሩ ገባ፤ ባሕሩን ጋረደው።
እርሳስ ፈልጌ ባዶው ፖስታ ላይ፣ ካባቴ ጽሕፈት ሥር ጻፍኩ፦
"ተወሰደ። ቀሪ ሃምሳ ሳንቲም፣ ከኔ።"